ከማሽን ሆድ የወጣ

ጥቅምት 4

አባዬ፣

ሰላምታውን እንደ ደንቡ አስረዝሜ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ ግን ቸኮለብኝ። ጉልበትህን፣ ስኳርህን፣ ከአክስቴ ጋር ያላችሁን ሰላም አንድ በአንድ ጠይቄሃለሁ ብለህ ቁጠርልኝ። አራት ወር ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴም ይቅር በለኝ። ተቀይማኝ ነው እንዳትል። ሥራ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ልደውልልህ ብል ጆሮህ ያው ነው፤ በስልክ እንዳልጽፍልህ ደግሞ «ፊደሉ ጉንዳን ይመስለኛል» ብለሃል። ስለዚህ ይህን ወረቀት የአውቶቡሱ ሹፌር፣ ፈጣኑ፣ ያመጣልሃል። ያወጣህለት ስም እንዳለ ነው፤ አነዳዱም እንዳለ ነው፤ አሁንም በሬ ይቀድመዋል።

አባዬ፣ ማሽናችን ውሃ ማሞቅ አቆመች። የሆስፒታሉ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሁለት ማሽን እንዳለን ታውቃለህ። ትልቁ የአንሶላ ነው፤ በቀዝቃዛ ብቻ ነው የሚያጥበው። ትንሿ ግን የላይኞቹ ናት፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ሕፃናት። የእነሱ ጨርቅ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ሁሉም በዘጠና ዲግሪ ካልታጠበ ሰውነታቸውን አይነካም። ቆዳቸው ገና የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ነው። ግን ጥፍር አላቸው። ከሩዝ ፍሬ ግማሽ የማይሞላ ጥፍር፣ ያውም ተስተካክሎ የተቆረጠ የሚመስል። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስሠራ አይቼ አልጠገብኩትም።

አሁን አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩ እየበረቱ ነው። አንዷ ትናንት ጠዋት አንድ ሺህ አርባ ግራም ነበረች።

ባለሙያ ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት «ሞታለች፤ አዲስ ግዙ» ብሎ ሄደ። አዲስ ቢታዘዝ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያው ሴቶቹ ጨርቁን በድስት እየቀቀሉ ነው። እጃቸው ተላጠ፤ ሆኖም አልደረሱበትም። ሁለት ሕፃናት ሽፍታ ወጣባቸው። የክፍሉ ሐኪም እስከ ጥቅምት 25 ሙቅ ውሃ የምታጥብ ማሽን ካላገኘን ሁሉንም ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንደምትልክ ነገረችን። መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ይችሉታል። ትንሿ አትችለውም። ሐኪሟም ይህን ታውቃለች፤ ስትነግረን የምታየው የገዛ ጫማዋን ነበር።

አንተ አርባ አንድ ዓመት የሰው ማሽን ስትፈታ ኖረሃል፤ እኔም ካቻቢቴ ሳቀብልህ ነው ያደግኩት። እዚያው ሆነህ በወረቀት ልታስተምረኝ ትችላለህ? ወደ ማጠቢያው ክፍል ስወርድ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ስለማርፍ፣ አንዴ ከወረድኩ ብዙ እንድሠራ አድርገህ ዘርዝረህ ጻፍልኝ።

አለቃህ


ጥቅምት 7

አለቃዬ፣

በስድስት ዓመትሽ ካቻቢቴውን ከእጄ ነጥቀሽ «ከዛሬ ጀምሮ አለቃ እኔ ነኝ» ካልሽኝ ቀን ጀምሮ ትእዛዝሽን ስፈጽም ኖሬያለሁ። አሁንም እፈጽማለሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። ስኳሬ እንደ ፖለቲካ ነው፤ ሲወጣም ሲወርድም አይነገረኝም። ከአክስትሽ ጋር ፍጹም ሰላም ነን፤ ስለማልሰማት።

ያ ባለሙያ የተባለው ሰውዬ ሐኪም ቢሆን ኖሮ በሽተኛውን ከበር ላይ አይቶ መቃብር ያስቆፍር ነበር። ሰውየውን ተይው። ማሽን ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም፤ ጠያቂ ካገኘ ሁሉን ይናገራል።

አሁን ስሚኝ። መጀመሪያ ሶኬቷን ከግድግዳው ንቀይ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢያት። ነቅለሽ ስታበቂ ሶኬቷን ዓይንሽ ሥር አስቀምጪያት፤ ደግ ነኝ ባይ መጥቶ እንዳይሰካልሽ። ውሃዋን አፍስሺ። የጀርባዋን ቆርቆሮ ፍቺ። ከበርሜሉ ሥር ሁለት የብረት ጥርስ ታያለሽ፤ መሃላቸው አንድ ዳዶ አለ። ሂተሩ እሱ ነው፤ ጥርሱ ወደ ውጭ፣ አካሉ ወደ ውስጥ፣ ውሃው መሃል ተኝቷል። ሽቦዎቹን ከመንቀልሽ በፊት የቱ የት እንደነበረ ወረቀት ላይ አስፍሪ። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው ሲያስታውስ አይቼ አላውቅም።

ቴስተር ከሆስፒታሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተዋሺ። ሁለቱን ጥርሶች ለኪ። ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ኦም ካነበበልሽ ሂተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ቀጥለሽ አንዱን ጥርስ ከማሽኗ ገላ ጋር ለኪ። እዚያ ላይ ቁጥር ካየሽ መብራት ወደ ውሃው እያፈሰሰ ነውና ማንም እንዳይነካት።

በሂተሩ ጎን የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ተሰክታ ታገኛለሽ። ሴንሰሯ ናት። ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ለማሽኗ የምትነግር እሷ ናት፤ እሷ ከዋሸች ሂተሩ ቢሞትም ቢድንም ፋይዳ የለውም። አውጥተሽ ለኪያትና ቁጥሩን ጻፊ። ከዚያ ቴስተሩን ሳታነሺ ፍሬዋን በመዳፍሽ ጨብጠሽ ጠብቂ። ምን እንደሚሆን አልነግርሽም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።

ሕጌን ደግሞ አትርሺ። ከማሽን ሆድ የወጣ የሰው ነው። ሳንቲምም ይሁን፣ መርፌም ይሁን፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። አንዴ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ልመልስ አሥራ አራት ፌርማታ ሄጄ ሴትዮዋ ሸሚዙን ከጣለችው ሦስት ዓመት ሆኗት አገኘኋት። ከልቧ ሳቀችብኝ፤ ቁልፉን ግን ተቀበለችኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ብዕሬን አንስቼ ተውኩት።

አባትሽ


ጥቅምት 11

አባዬ፣

እኔም ምሳዬን አልበላሁም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሶኬቷን ነቀልኩ፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የሠራሁት። ሴቶቹ «ምነው እንደ ልጅ ታቀፍሽው?» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። ቆርቆሮውን ፈታሁ፣ ሁለቱን ጥርሶች አገኘሁ፣ የሽቦዎቹን ቦታ ጻፍኩ። ጥርሶቹን ስለካ ቴስተሩ ምንም አላነበበም። ገመዱ ተበላሽቶ እንዳይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ባዶ። ከማሽኗ ገላ ጋር ስለካውም ባዶ፤ ይኼኛው ባዶ ደግ እንደሆነ ስለነገርከኝ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ፍሬዋን አወጣኋት። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ስድስት ሺህ አካባቢ አለ። ጨበጥኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አምስት ሺህ ስምንት መቶ፣ አምስት ሺህ አንድ መቶ፣ አራት ሺህ አምስት መቶ። አልነካኋትም፣ አልጫንኳትም፣ ይዣት ብቻ ነው የተቀመጥኩት። መዳፌን ስከፍት ቀስ እያለች ተመለሰች። እንደገና ጨበጥኳት፤ እንደገና ወረደች። የኔን ሙቀት ነበር የምትቆጥረው፣ አባዬ። አንድ ሰው ውስጤን የሚያነብብ መሰለኝ። ከሴቶቹ አንዷን ጠርቼ አስያዝኳት፤ የእሷም እንደዚያው ሆነ። አራቱም በየተራ ጨበጧት። አንዷማ ደግማ ተራ ያዘች።

የሚበልጠው ግን ገና ነው። ላይ ስመለስ ትንሿ ሕፃን የተኛችበት የመስታወት ሳጥን አጠገብ ተቀመጥኩ። ሆዷ ላይ በልብ ቅርጽ ፕላስተር የተለጠፈች ቀጭን ሽቦ አለች። ስምንት ዓመት አይቻታለሁ፤ ምን እንደምትሠራ ጠይቄ ግን አላውቅም። ጠየቅኩ። ክፍሉ ከተከፈተ ጀምሮ ያለችው ነርስ፣ ሁላችንም ትልቋ ሲስተር የምንላት፣ «የልጅቱን ሙቀት ለሳጥኑ ትነግረዋለች፤ ሳጥኑም እሷን ሰምቶ ይሞቃል» አለችኝ። ታች የጨበጥኳት ዓይነት ፍሬ ናት። አንዷ ጨርቁን ታሞቃለች፣ አንዷ ጨርቁን የምትለብሰዋን ልጅ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ካንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ እኔ ሳሙና ስለካ ነበር።

ትንሿ ዛሬ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ናት። ወረደች። መጀመሪያ ላይ መውረድ ያለ ነው ይላሉ። እኔም ያለ ነው እላለሁ።

አሁን ሂተሩን እንዴት ላውጣው? ልትጠይቀኝ ብለህ የተውከውን ነገር ደግሞ እባክህ እንደተውከው ተወው።

አለቃህ


ጥቅምት 17

አባዬ፣

የ14ቱ ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ስምንቱንም ማስጠንቀቂያ አክብሬያለሁ። ዘጠነኛውን፣ «ስትሠሪ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ለሌሎቹ ስጪ» ያልከውን፣ ከሂተር ጋር ምን እንዳገናኘው ባላውቅም እሱንም ፈጽሜያለሁ።

እንዳልከው ዳዶውን እስከ ጫፉ ብቻ ፈታሁና ወደ ውስጥ መታ መታ አደረግኩት። ጎማው ላላ። ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ ሳብኩ። አልመጣም። «እንደ ወተት ጥርስ ነው፤ ይወዛወዛል እንጂ አይቸኩልም» ያልከውን እያሰብኩ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ስስበው ዋልኩ። ጫፉ ወጣ፤ መሃሉ ላይ የሆነ ነገር ያዘው። በባትሪ ሳይ ነጭ ድንጋይ ነው። ጡጫ የሚያክል ድንጋይ ዘንጉን አቅፎ ተኝቷል። ከዚያ ጠባብ ቀዳዳ እንዲወጣ ድንጋዩን በእንጨት ማንኪያ ጠርዝ እየፈረፈርን ማሳነስ ነበረብን።

ሲወጣ ከፍርፋሪው ውስጥ አረንጓዴ ክር ታየኝ።

ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ሲፈላ አደረ። ጠዋት ከኖራው ውስጥ የወጣችውን ነገር እንዴት ልንገርህ? ኮፍያ ናት። ከብርቱካን በላይ የማትይዝ፣ በእጅ የተሠራች የሕፃን ኮፍያ፤ አንድ ጎኗ ተቃጥሎ ቡኒ ሆኗል፣ ሌላው ጎኗ ግን ትናንት የተሠራ ይመስል አረንጓዴ ነው። ማሽኗ ወደ ድንጋይ ለውጣ አስቀምጣት ነበር።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ መሳቅህ አይቀርም። እዚህ ሥራ በገባሁ በዓመቴ አንዲት ኮፍያ ጠፋች። ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው ልጅ ኮፍያ ነበረች፤ ትልቋ ሲስተር አሮጌ ሹራቧን ተርትራ ነው የሠራችላት። የልጅቱ እናት ኮፍያዋ ስትጠፋ ክፉ ምልክት ነው ብላ አለቀሰች። ልብሱን የተረከብኩት እኔ ነበርኩና ጥፋቱ እኔ ላይ ወደቀ። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሆስፒታል ስሜ «ኮፍያ በላዋ» ነው። ላንተ አልነገርኩህም፤ ያባቴን ሙያ አዋርጄ እንዳይመስልህ ብዬ። ትናንት ኮፍያዋን ይዤ ትልቋ ሲስተር ፊት ቆምኩና «የበላችውን አገኘኋት» አልኳት። ኮፍያዋን አገላብጣ አየቻት። የገዛ ስፌቷን ስታውቀው መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፣ ከዚያ እኔን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀችኝ። መነጽሯን ስትጠርግ ነው ለካ የምታለቅሰው።

ያቺ ልጅ ስትወለድ ስንት እንደነበረች ጠየቅኳት። ዘጠኝ መቶ ግራም። አሁን የት እንዳለች ብጠይቃት ወደ መስኮቱ ጠቆመችኝ። የበሩ ጥበቃ ልጅ ናት፤ ገመድ ስትዘል በየቀኑ አያታለሁ፤ ያች ረጅሟ፣ ጫማዋን ለመልበስ ትእግሥት የሌላት። እሷ መሆኗን አላውቅም ነበር።

ሂተሩ ልክ ኮፍያዋ ከነበረችበት ሥር ተሰንጥቋል፤ ጥቁር ነጥብ አለው። እዚህ ከተማ ሱቅ ሁሉ ጠየቅን፤ የለም። ርዝመቱ ሃያ ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ጥርስ፣ በጎኑ የሴንሰር ቀዳዳ። ስምንት ቀን ቀርቶናል። ከየት እንደምታመጣው አላውቅም፤ የምጠይቀው ሌላ ሰው ግን የለኝም።

ትንሿ አንድ ሺህ ሃያ።

አለቃህ


ጥቅምት 20

አለቃዬ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሂተሩ አለ። ፈጣኑን ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ እንዳይከተው፣ አጠገቡ እንዲያደርገው አስጠንቅቄዋለሁ። ሱቅ ስንከራተት አልዋልኩም። ከእናትሽ ማሽን ነው የፈታሁት። መንትያ ናቸው፤ ሆስፒታሉ የገዛላችሁ ዓመት ነው እናትሽም ያችን የመረጠቻት። እሷ ካረፈች ወዲህ ያቺን ማሽን ለማንም አላስነካም ስል እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሽማግሌ ብዙ ያወራል። አክስትሽ አሁን ልብሳችንን በእጇ እያጠበች ትሰድበኛለች፤ ከንፈሯን አያለሁ፣ ስድቡ ጥሩ ይመስላል።

ለምን እዚያ ጋ እንደተሰነጠቀ ላስረዳሽ። ውሃና መብራት ጠላቶች ናቸው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። በዚያ ዘንግ ውስጥ ግን ቀጭን ሽቦ አለ፤ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቆበታል፤ ከዱቄቱ ውጭ ብረቱ፣ ከብረቱ ውጭ ውሃው ነው። ዱቄቱ መብራቱን አያሳልፍም፤ ሙቀቱን ግን ያሳልፋል። አስቢው፤ ክፉውን አስቀርቶ ደጉን ብቻ የሚያሳልፍ ዱቄት። አርባ አንድ ዓመት ስፈታና ስገጥም ኖሬ ይህ ነገር አልተለመደኝም። የመስታወት ሳጥኗም እንደዚያው ሳትሆን አትቀርም። ኮፍያዋ ዘንጉን ስታቅፈው ኖራው እላይዋ ላይ ተከመረ። ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ተመለሰና ሽቦውን በላው።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ማሽኗን የሠሩት ሰዎች ጭንቅላቱ ብርቱካን የሚያክል ሰው ልብሱን ያጥብባታል ብለው አላሰቡም። ከበሩ ጎማና ከበርሜሉ መሃል ባለችው ክፍተት የአዋቂ ካልሲ አያልፍም፤ የእናንተ ኮፍያ ያልፋል። ከእንግዲህ ትንንሹን ሁሉ አፉ በሚታሰር የመረብ ከረጢት ውስጥ እያደረጋችሁ እጠቡ። ሂተሩን ስትመልሺ ጎማውን በሳሙና ውሃ አርጥቢ፤ ከውስጥ ባለችው የብረት ማቀፊያ ውስጥ መግባቱን በባትሪ እዪ፤ ዳዶውን እስኪጠብቅ እንጂ እስክትናደጂ አታጥብቂ።

አሁን ሥራው አልቋል። ተይው ብለሽኝ ነበር፤ ልተወው አልቻልኩም።

ሦስቱን ደብዳቤዎችሽን ደጋግሜ አነበብኳቸው። አሥሩን ሕፃናት ቆጠርሻቸው፤ አንዷን መዘንሻት። አሥሩ እየበረቱ ነው ብለሽ አለፍሽ፤ አንዷን ግን በግራም ነገርሽኝ፣ ስትወርድም ስትወጣም። ደረጃ ላይ ሁለቴ አረፍኩ ያለችኝ ልጄ ሦስት ፎቅ በአንድ ትንፋሽ የምትወጣ ነበረች።

ካልነገርሽኝ ምክንያት አለሽ። ምክንያቱንም አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ ነግረሽኝ ሁለት ጊዜ የሕፃን አልጋ ሠራሁ፤ ሁለት ጊዜም ፈታሁት። ሁለተኛውን ስፈታ በሩ ላይ ቆመሽ ታዪኝ ነበር። አላየኝም ብለሽ ይሆናል። የደነቆረው ጆሮዬ ነው እንጂ ዓይኔ ደህና ነው።

ስለዚህ አልጋ አልሠራሁም። እንጨትም አልገዛሁም። የላክሁት ሂተር ብቻ ነው። ከተሳሳትኩ የሽማግሌ ቅዠት ነው ብለሽ እለፊው።

አባትሽ


ጥቅምት 24

አባዬ፣

አልተሳሳትክም።

መስከረም 29 ቀን ተወለደች፤ በሃያ ስምንተኛ ሳምንቷ። ባለቤቴ ከመንገድ ሥራው እሑድ እሑድ እየመጣ ያያታል፤ ለማንም እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። የእኔን ኀዘን እችለዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን እያንዳንዷን ብሎን እየፈታህ በጣሳ ስትሰበስብ፣ እንጨቱን ስትደረድር፣ አንዱንም ሳትወረውር፣ ቀስ ብለህ፣ ያን ሦስተኛ ጊዜ ማየት ግን አልችልም ነበር። «ሥራ ነው» ብዬ የዋሸሁህ ለዚህ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ። ሂተሩ የደረሰው ትናንት ረፋድ ነው። ፈጣኑ በጭኔ ላይ አስቀምጬ ነዳሁ ብሎ ማለልኝ፤ ተሳፋሪዎቹም መሰከሩለት፣ በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዓት ዘግይተው እንደገቡም ጭምር። ጎማውን አረጠብኩ፣ ገፋሁት፣ ማቀፊያው ውስጥ መግባቱን በባትሪ አየሁ። ጥርሶቹን ለካሁ፤ ሃያ ሰባት አለ። ከእናቴ ማሽን የወጣ ሃያ ሰባት። ሽቦዎቹን ከወረቀቴ እያየሁ መለስኩ፣ ቆርቆሮውን ገጠምኩ፣ ሶኬቷን ሰካሁ፤ ዘጠና ላይ አደረግኳት።

ውሃ ገባ። በርሜሉ ዞረ። መስታወቱ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። አምስት ደቂቃ፣ ያው ነው። አሥር ደቂቃ፣ ያው ነው። ሴቶቹ ድስታቸውን ትተው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሐኪሟ ወረደች፤ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም። ቀኑ ከነገ ወዲያ የሚያልቅ መሆኑን ማንም አላነሳውም። ከዚያ መዳፌ ሥር አንድ ነገር የተለወጠ መሰለኝና ምኞቴ ነው ብዬ እጄን አነሳሁ። ከሴቶቹ ታላቋ ወደ ፊት መጥታ የተላጠ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ቆየች። ቆየችና «ለብ ብሏል» አለች።

አንድ በአንድ እጃቸውን አሳረፉ። ሐኪሟም አሳረፈች። ስድስት እጅ በአንዲት ክብ መስታወት ላይ። ለብታው ሙቀት ሆነ፣ ሙቀቱ ማቃጠል ጀመረ፣ እጃችንን እያነሳን እንደገና እንመልሳለን። መስታወቱ በእንፋሎት ደበዘዘ። ውሃ መሞቁ ነው እንግዲህ። በዓለም ላይ በየቤቱ በየቀኑ የሚሞቅ ውሃ። እኛ ግን ፀሐይ ስትፈጠር የምናይ ያህል ቆምን። ሐኪሟ በመጨረሻ አምቡላንሱን የጠየቀችበትን ወረቀት ከኪሷ አውጥታ አጣጠፈችው፣ ደግማ አጣጠፈችው፣ ቀደደችው። ማንም የትም አይሄድም።

አሁን አልፈራም ብልህ እዋሻለሁ። አንድ ሺህ ሰማንያ ናት።

አለቃህ


ኅዳር 18

አባዬ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥር ቀን ሆኖታል። ፈጣኑ ሁለት ጊዜ መልስ ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ሸኘሁት፤ ቅር ብሎታል። ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅከኝ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር። ሁለተኛውን ግን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የሰነበትኩት፤ አወጣዋለሁ፣ አነብበዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ዛሬ ለሁለቱም እመልስልሃለሁ።

ሽፍታው ለሁሉም ጠፍቷል። አራት ልጆች ወደየቤታቸው ሄደዋል። የመረብ ከረጢቶቹን ሴቶቹ ራሳቸው ሰፉ፤ በየከረጢቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ክር አሰሩበት። «ኮፍያ በላዋ» የሚለው ስም አሁን የማሽኗ ነው፤ ሲያዟትም «ነይ እስቲ ኮፍያ በላዋ» ነው የሚሏት። እኔን በስሜ መጥራት ጀምረዋል፤ እስካሁን አልለመድኩትም።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ኮፍያዋን ለባለቤቷ መልሰሻል ወይ የሚል ነው። ሕግህን አልረሳሁም። ልጄ ትንሽ እንድትበረታልኝ እየጠበቅኩ ነበር፤ ለምን እንደጠበቅኩ ራሴም አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ጥበቃውን አስፈቅጄ ልጁን ጠራኋት። ገመዷን እንደያዘች መጣች። ኮፍያዋን አሳየኋትና ስትወለድ የለበሰቻት እንደሆነች ነገርኳት። አላመነችኝም። አባቷን ዞራ አየችው፤ እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት።

ኮፍያዋን ተቀበለችኝ። ራሷ ላይ ልታደርጋት ሞከረች፣ ሳቀች። ከዚያ እጇን ጨብጣ ጡጫዋን ከተተችባት። ልክክ አለች። ጡጫዋን ከፍ አድርጋ አየችው፣ ወዲያና ወዲህ አዞረችው። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ጭንቅላቴ ይህን ያህል ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ሲደነቅ አይተህ ታውቃለህ? ቀጥላ አሁን ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሕፃናት አሳዪኝ አለች። ሐኪሟ ከመስታወቱ ውጭ ሆና እንድታይ ፈቀደችላት። ሁሉንም እያለፍን የኔዋ ጋ ስንደርስ ቆመች። የማን እንደሆነች አልነገርኳትም። ልጄ ተኝታ ነበር፤ ፊቷን ወደኛ አዙራለች። የጥበቃው ልጅ ኮፍያ የለበሰ ጡጫዋን አንስታ መስታወቱ ላይ፣ ልክ ከልጄ ጭንቅላት አጠገብ አስጠጋችው። አንዴ ጡጫዋን፣ አንዴ ልጄን እያየች ለካች። እንደ ባለሙያ ነው የለካችው፣ አባዬ፤ አንተን ነበር የምትመስለኝ።

«ይቺማ ከኔ ትበልጣለች» አለች።

ከዚያ ገመዷን አንስታ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ኮፍያዋን እጇ ላይ እንዳደረገች ነው የሄደችው። እኔ ግን እዚያው መስታወቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ከመስከረም 29 ጀምሮ ያልወጣልኝን እንባ አወጣሁት። ትልቋ ሲስተር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አውልቃ ትጠርግ ነበር።

ልጅህ፣ ማለቴ የልጅ ልጅህ፣ ዛሬ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ ግራም ናት። ጡት መሳብ ጀምራለች። ስታለቅስ ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፤ አንተን ግን አያስቸግርህም።

ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሴ እነሆ። አዎ፣ አባዬ፣ አልጋውን ሥራው። እንጨቱን ግዛ። የመስኮታችን ሥር ስፋቱ አንድ ሜትር ከአሥር ነው፤ ትናንት ለክቼዋለሁ።

አለቃህ